ማመልከቻ ጸሐፊው ደሞዝና ልብ አንባቢው ሰው

ደሞዝ ማረው የወረታ ማመልከቻ ጸሐፊ ነበር። ከፍርድ ቤቱ በር ፊት ለፊት ባለችው ዋርካ ሥር አንዲት ጠረጴዛ፣ ሁለት በርጩማና አንድ የቀለም ጠርሙስ አስቀምጦ መሬቱ የተገፋበትን፣ ሚስቱ የኮበለለችበትን፣ ሰብሉን ከብት የበላበትን ሰው ሁሉ ብሶት በወረቀት ያሰፍር ነበር። ማመልከቻዎቹ ጥሩ ነበሩ። እንዲያውም ከልክ ያለፈ ጥሩ ነበሩ። አንዱ ገበሬ «የጎረቤቴ በሬ ጓያዬን ረገጠብኝ» ብሎ ሲመጣ፣ በደሞዝ ወረቀት ላይ ያ በሬ እንደ ክረምት ደራሽ ውኃ እየተገማሸረ፣ ዓይኑ ደም ለብሶ፣ ምድሪቱን እያስጨነቀ ነበር የሚገባው። እኔ ያን ጊዜ የፍርድ ቤቱ መዝገብ ቤት ሠራተኛ ስለነበርኩ እነዚያን በሬዎች ሁሉ አንድ በአንድ አውቃቸዋለሁ። ፎገራ ሜዳ ላይ በእውነት እንዲህ ያለ በሬ ቢኖር ኖሮ ገበሬው ማመልከቻ አያጽፍም ነበር፤ አገር ጥሎ ይሰደድ ነበር እንጂ።

በ1950 ዓ.ም. ደሞዝ የአንድ ደንበኛውን ይግባኝ ይዞ ጎንደር ወጣ። ጉዳዩ ሦስት ቀን ተቀጠረበትና ጊዜ ለመግደል አንድ አዳራሽ ገባ። እዚያ አንድ የውጭ አገር ሰው ዓይኑን በጥቁር ጨርቅ ታስሮ ቆሟል። ረዳቱ የሆነች ሴት በተመልካቹ መካከል እየተዘዋወረች ከየኪሱ አንዳች ነገር ታወጣለች፤ በራሳቸው ቋንቋ «ይህ ምንድን ነው?» ትለዋለች፤ ሰውዬው «ቁልፍ» ይላል፤ አስተርጓሚው ይተረጉማል፤ አዳራሹ ያጨበጭባል። ከደሞዝ ጎን ተቀምጦ የነበረ የአውቶቡስ ሾፌር ጠጋ ብሎ፣ «ቋንቋቸውን ባላውቅም አጠያየቋን ትቀያይራለች፤ ለቁልፍ ሌላ፣ ለመሐረብ ሌላ ነው። ምልክታቸው ነው» አለው። ደሞዝ ሾፌሩን ዘወር ብሎ እንኳ አላየውም። ሾፌሮች እውነት በመናገር የሰውን ደስታ እንደሚያበላሹ ያን ቀን ነው የተረዳሁት ብሎ ከዓመታት በኋላ ነግሮኛል።

ወረታ የተመለሰው ሌላ ሰው ሆኖ ነው። ይግባኙ ምን እንደ ሆነ ስንጠይቀው «እሱማ ተረታን» አለና ወዲያው ወደ ቁም ነገሩ ገባ። የሰው ልጅ አእምሮ ውስጥ ያልተከፈተ ኃይል አለ፤ ይህ ኃይል የተከፈተለት ሰው የሌላውን ልብ ያነባል፤ በሩቅ ያለውን ያያል፤ ዕቃ ሳይነካ ያንቀሳቅሳል። ስለዚህ ሰው መጽሐፍ ሊጽፍ ነው። ባለ ሃምሳ ቅጠል ደብተር ገዛ፤ በሽፋኑ ላይ «የልብ አንባቢው ታሪክ፣ ደራሲ ደሞዝ ማረው» ብሎ በቀይ ቀለም ጻፈ። ውስጡ ገና ባዶ ነበር፤ ሽፋኑን ግን ለወረታ ሕዝብ በሙሉ አሳየ።

ሐሳቡን በመጀመሪያ የነገረው ለመሪጌታ ተክለ ማርያም ነበር። መሪጌታ በልጅነቱ ያስተማሩት የቅኔ መምህሩ ናቸው፤ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ዋርካዋ ሥር ዐረፍ የማለት ልማድ ነበራቸው።

«ይህ ሰውህ» አሉት በጥሞና ሰምተው ሲያበቁ፣ «የሰውን ልብ የሚያነበው በጸጋ ነው ወይስ በክፉ መንፈስ?»

«በሁለቱም አይደለም፣ የኔታ። በአእምሮ ኃይል ነው።»

«አእምሮማ እኔም አለኝ።»

«የርስዎ አልተከፈተም።»

መሪጌታ ጭራቸውን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው አዛወሩና «አርባ ዓመት ሙሉ ተዘግቶ ነው እንዴ ቅኔ ስቆጥርበት የኖርኩት!» አሉ።

ደሞዝ በዚህ አልተበገረም። ለኃይሉ ሕግ አወጣለት፤ ሕግ ከሌለው ተረት ነው ይል ነበር። ባለታሪኩ በሐሳቡ ማንሳት የሚችለው ከአንድ ቁና ጤፍ የማይበልጥ ክብደት ነው። ጾም ካልዋለ ልብ ማንበብ አይችልም። ዝናብ ሲዘንብ ደግሞ ኃይሉ ጭራሽ አይሠራም። ፎገራ ላይ ይህ ማለት ዓለምን የሚያስደንቀው ሰው ከሰኔ እስከ መስከረም ሥራ ፈት ነው ማለት ነው። ይህን ስነግረው ጥቂት አሰበና «ክረምቱን በምዕራፎቹ መካከል አሳልፈዋለሁ» አለኝ።

ሚስቱ ጸሐይነሽ በርበሬና ጨው ትቸረችር ነበር። ስለ መጽሐፉ ምን እንደምታስብ ስትጠየቅ «ከመጠጥ ይሻላል» ትላለች። ከዚህ የበለጠ አስተያየት ለስምንት ዓመት አልሰጠችም።

መጻፉን እንኳ ችለነው ነበር። ያላስቻለን ማስታወቂያው ነው። ደሞዝ የሥራውን እርምጃ ሕዝብ ማወቅ አለበት ብሎ አመነ። ስለዚህ በየገበያው ቀን አንድ ወረቀት ጽፎ ዋርካዋ ግንድ ላይ፣ የፍርድ ቤቱ መጥሪያ ከሚለጠፍበት ምስማር ጎን ይሰቅል ጀመር። «ምዕራፍ ሁለት ተፈጽሟል።» «ምዕራፍ ሦስት በጉንፋን ምክንያት ዘግይቷል፤ ደራሲው ይቅርታ ይጠይቃል።» «የባለታሪኩ ጺም በምዕራፍ አንድ ረጅም ተብሎ የተጻፈው አጭር ተብሎ ይታረም።» ማንም ምዕራፍ አንድን ስላላነበበ በጺሙ ጉዳይ ወረታ ላይ ብዙም ብጥብጥ አልተነሣም።

ብጥብጥ የተነሣው በአራተኛው ምዕራፍ ነው። በዚያ ጊዜ ባለታሪኩ አድማሴ ይባል ነበር። ደሞዝ እንዲህ ብሎ ለጠፈ፦ «በሚመጣው ሳምንት አድማሴ ይመረመራል። ምሥጢሩም ይገለጣል።»

ከሦስት ቀን በኋላ አድማሴ የሚባል አንድ ገበሬ ከጉማራ ወንዝ ዳር ተነሥቶ፣ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ተለውሶ፣ ሁለት ዋስ አስከትሎ መዝገብ ቤት ገባ።

«ጌቶች፣ መጥቻለሁ» አለኝ። «አድማሴ ይመረመራል ተብሎ ተለጥፏል አሉኝ። በምን ተከስሼ ነው?»

መዝገቡን ከላይ እስከ ታች አገላበጥኩ። አድማሴ የሚባል ተከሳሽ የለም። ከዚያ ነገሩ ገባኝና ሰውዬውን ይዤ ወደ ዋርካዋ ወጣሁ። ደሞዝ ብድግ ብሎ ተቀበለን።

«አነበብከው?» አለው ገበሬውን።

«ማንበብስ አልችልም። አስነብቤ ነው የሰማሁ።»

«እንዴት አገኘኸው?»

«ከሰማሁ ጀምሮ እህል በአፌ አልዞረም» አለ አድማሴ። «እንቅልፍም የለኝም።»

የደሞዝ ፊት እንዴት እንደ በራ ልነግራችሁ አልችልም። በዕድሜው ያገኘው የመጀመሪያው አድናቂ ነበር። አድናቂው ነገሩ ውሸት መሆኑን ሲሰማ መጀመሪያ እግዚአብሔርን አመሰገነ፤ ቀጥሎ የደሞዝን አንገት አነቀ። ዋሶቹ ናቸው ያገላገሉት።

የወረዳው ዳኛ አቶ አያልነህ ይህን ሲሰሙ ሁለት ትእዛዝ ሰጡ። ማስታወቂያው ከግንዱ በስተጀርባ እንዲለጠፍ፣ ባለታሪኩም በሕይወት ያለ ሰው ስም እንዳይይዝ። ደሞዝ ፎገራ ላይ ማንም የማይጠራበትን ስም ሳምንት ሙሉ ሲፈልግ ከረመ። ባገኘው ስም ሁሉ አንድ ሰው እየተገኘበት ስለተቸገረ በመጨረሻ ባለታሪኩን «ባለኃይሉ» ብቻ አለውና ቀጠለ።

እንግዲህ እውነተኛው መከራ የመጣው በ1954 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ነው። ውኃው ከሜዳው ሸሽቶ፣ ሣሩ ለምልሞ፣ የፎገራ ከብት ሆዱ ሞልቶ የሚውልበት ወር ነው፤ ሌባም የማይቦዝንበት። ወይዘሮ ካሳነሽ የሚባሉ ባላቸው የሞተባቸው ሴት ግንባሯ ቦቃ የሆነች ቀይ ጊደር ጠፍታባቸው ደሞዝ ጠረጴዛ ፊት ቆሙ። ማመልከቻ የሚያጽፉ መስሎት ብዕሩን ነከረ።

«ማመልከቻ አይደለም የፈለግሁ» አሉት። «ያ ሰውዎ በሩቅ ያለውን ያያል ይባላል። ጊደሬ የት እንዳለች ይጠይቁልኝ።»

«እመቤት፣ ሰውዬው የለም። እኔ ፈጥሬው ነው።»

«እሱ በሩቅ ያያል ወይስ አያይም?»

«ያያል፤ ግን...»

«እርስዎ አይደሉም የፈጠሩት?»

«ነኝ።»

«ታዲያ የፈጠሩት ሰው የሚያውቀውን እርስዎ እንዴት አያውቁትም?»

ደሞዝ የነከረውን ብዕር በጨርቅ ጠረገና አስቀመጠ። እኔም በበሩ ቆሜ እሰማ ነበር፤ መልስ ፈልጌ አጣሁ። እስካሁንም አላገኘሁም።

ሴትዮዋ ከበርጩማው አልነሣም አሉ። ጥዋት ተቀምጠው ቀትር ሆነ፤ ማመልከቻ የሚያጽፈው ሰው ወደ ኋላ ተሰለፈ። ደሞዝ ሲቸግረው ደብተሩን አወጣና ባለኃይሉ የተሰረቀ ከብት የሚያይበትን ገጽ አነበበላቸው። «ባለኃይሉም ዓይኑን ጨፈነ። ከርብ ማዶ፣ ግንዱ ለሁለት ከተከፈለ ሾላ ሥር፣ የሣር ክምር ከጋረደው በረት ውስጥ ከብቱ ታስሮ ታየው።» ቀጥሎ የባለኃይሉ ላብ እንዴት እንደ ፈሰሰ የሚናገር ውብ አንቀጽ ነበረው። ወይዘሮ ካሳነሽ ግን ላቡን ሳይሰሙ ተነሥተው ሄዱ።

በማግስቱ ወንድሞቻቸውን አስከትለው የርብን ወንዝ ተሻገሩ። ግንዱ ለሁለት የተከፈለ ሾላ አገኙ። የሣር ክምር አገኙ። ከክምሩ ጀርባ በረት፣ ከበረቱም ውስጥ ቦቃዋ ጊደር ታስራ ታመነዥጋለች።

ከዚያ በኋላ ስለ ሆነው ነገር ብዙ ማለት አያስፈልግም። በሚቀጥለው የገበያ ቀን ሰልፉ ከዋርካዋ ተነሥቶ እስከ ደብረ ታቦር መንገድ መገንጠያ ደረሰ። አንዱ በቅሎ፣ አንዱ ማረሻ፣ አንዷ ባሏ ጠፍቶባታል፤ አንድ ሰው ምንም አልጠፋበትም፤ የሚጠፋበትን አስቀድሞ ለማወቅ ነው የመጣ። ደሞዝ ጠረጴዛው ላይ ወጥቶ «ይህ ልቦለድ ነው! የፈጠራ ድርሰት ነው!» እያለ ይጮህ ነበር። ሕዝቡም ትሕትናውን አደነቀለት። እሱን የቆጨው ሌላ ነው። ከዚያ ሁሉ ሰው አንድ እንኳ «ባለኃይሉ ከዚያ በኋላ ምን ሆነ?» ብሎ የጠየቀው አልነበረም።

የበረቱ ባለቤት ደሳለው ይባላል። ፍርድ ቤት ሲቀርብ ጊደሯን ከማላውቀው መንገደኛ ገዛሁ አለ። ቀጥሎም እጁን ወደ ዋርካዋ ቀስሮ፣ «እኔን ሌባ ከማለታችሁ በፊት ይህን ሰው ጠይቁት። ጊደሯ በረቴ ውስጥ መኖሯን በምን አወቀ? ነድቶ ያስገባብኝ እሱ ነው!» አለ። ክፋቱ፣ ነገሩ የሚያስኬድ ነበር። ደሞዝ ከጠረጴዛው ተነሥቶ ተከሳሽ ሳጥን ገባ፤ ደብተሩም ኤግዚቢት ተብሎ ከዳኛው ፊት ተቀመጠ።

«ይህን የጻፍከው አንተ ነህ?» አሉት ዳኛው።

«እኔ ነኝ፣ ክቡር ዳኛ።»

«እውነት ነው?»

«ውሸት ነው። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ቃል ውሸት ነው።» ይህን ሲል ደረቱን ነፋ።

«ለዚህ ፍርድ ቤት እስከ ዛሬ ስንት ማመልከቻ ጽፈሃል?»

«ወደ ሁለት ሺህ ይሆናል።»

«በየትኛው እጅህ?»

«በቀኝ እጄ።»

«ይህንንስ?»

ደሞዝ እጁን አየው። ችሎቱ ውስጥ ማመልከቻ አጽፈው የማያውቁ ሦስት ሰዎች ቢኖሩ ነው፤ የቀሩት ሁሉ የራሳቸውን ማመልከቻ እያሰቡ አብረውት እጁን አዩት።

አቶ አያልነህ ደግ ሰው ነበሩ፤ መውጫ ሊያበጁለት ፈለጉ። ሦስት በር ነበረው። ቦታውን ዐውቀዋለሁ ካለ የሌባ ተባባሪ ነው። ኃይሉ አለኝ ካለ ጠንቋይ ነው፤ መሪጌታ ተክለ ማርያም እንኳ አያድኑትም። ሦስተኛው በር ቀላል ነው። «ምናልባት ይህን የሾላ ነገር ከሌላ ሰው ሰምተህ ይሆን? ከአንድ ማመልከቻ ላይ ይሆን የወሰድከው?» አሉት ዳኛው፤ በሩን በእጃቸው ከፍተው እንደ ማለት ነው።

«ክቡር ዳኛ» አለ ደሞዝ፣ «እኔ ከማንም አልወሰድኩም። ከራሴ አእምሮ ያወጣሁት ነው።»

«እስራት ሊያስከትልብህ እንደሚችል ታውቃለህ?»

«ዐውቃለሁ።»

እኔ ከመዝገብ ቤቱ በር ቆሜ ነበር። ያ ለሁለት የተከፈለ ሾላ ውስጤን ሲበላኝ ሰነበተ፤ የሆነ ቦታ አይቼዋለሁ። ችሎቱ ለምሳ ሲነሣ ገብቼ የቆዩትን መዝገቦች አገላበጥኩ። አቧራው አሁንም በሳምባዬ አለ። አገኘሁትም። በ1947 ዓ.ም.፣ ደሞዝ ጎንደር ከመውጣቱ ሦስት ዓመት በፊት፣ አንድ ገበሬ የተሰረቀ በሬውን ከዚሁ ከደሳለው በረት አግኝቶ ያቀረበው ማመልከቻ ነው። ነገሩ በሽማግሌ አልቆ መዝገቡ ተዘግቷል። «ከርብ ማዶ፣ ግንዱ ለሁለት ከተከፈለ ሾላ ሥር፣ የሣር ክምር ከጋረደው በረት ውስጥ» ይላል፤ ቃል በቃል። የእጅ ጽሑፉም የደሞዝ ነው። ሰውዬው የጻፈውን ረስቶት ነበር፤ ቃሉ ግን እሱን አልረሳውም ነበር።

ከሰዓት በኋላ ማመልከቻው ችሎት ላይ ሲነበብ የደሳለው አፍ ተያዘ። በዚያው በረት፣ በዚያው ሾላ ሥር፣ ሁለተኛ ጊዜ መሆኑ ነው። መንገደኛ ሻጭ ሁለት ጊዜ አይገጥምም። ጊደሯ ለባለቤቷ ተመለሰች፤ ደሳለውም ቅጣቱን አገኘ። ደሞዝ በነፃ ተሰናበተ። እኔም ምስጋናዬን ልቀበል ደጅ ወጥቼ ቆምኩ።

ዓይኑ ቀልቶ ወጣ። «ምን በደልኩህ?» አለኝ።

«አንተ ሰው፣ ከእስር አወጣሁህ እኮ!»

«በአገር ፊት ገልባጭ አሰኘኸኝ። ብታሰርስ እንደ ደራሲ እታሰር ነበር።»

«የገለበጥከው የራስህን ጽሑፍ ነው፤ ይህም ነውር ነው?»

«የራሴም ቢሆን መገልበጥ መገልበጥ ነው!» ብሎኝ ሄደ። ዓመት ከመንፈቅ አላነጋገረኝም። ሰላምታ ስሰጠው ለዋርካዋ ይመልስ ነበር።

ደብተሩ ዳኛው ዘንድ ሁለት ወር ቆየ። ሲመለስለት በእርሳስ የተጻፉ አንዳንድ ነገሮች በኅዳጉ ላይ ተገኙ። «በምዕራፍ ዘጠኝ የሞተው ጎረቤት በምዕራፍ ዐሥራ አንድ ሽምብራ ሲያጭድ ይታያል። ይጣራ» ይላል አንዱ። ደሞዝ አጣራና ሽምብራውን ለሟቹ ልጅ አስተላለፈው።

በ1958 ዓ.ም. ወገቡ ተያዘ። ሃያ ዓመት በዚያች አጭር ጠረጴዛ ላይ ሲያጎነብስ ኖሮ፣ አንድ ቀን ቀና ልበል ቢል እምቢ አለው። ጸሐይነሽ ስንቅ አዘጋጅታ፣ በቅሎ ለምና፣ ወንዛዬ ፍል ውኃ ይዛው ወረደች። የወንዛዬውን ነገር ከራሷ ነው የሰማሁት። ስንቁን ስትጭን ሰባት ደብተሮች አኮፋዳ ውስጥ ተደብቀው አገኘች። ወገብ ለታመመ ሰው ምን ያደርጋሉ ብላ ልታወጣቸው ነበር፤ ፊቱን አይታ ተወቻቸው።

ወንዛዬ የሄደ ሰው የሚያውቀው ነገር አለ። ጥዋት ውኃው ውስጥ ይገባል፤ ማታ ይገባል፤ በመካከል ያለው ቀን አያልቅም። ከሣር ጎጆዎቹ ፊት ቁስለኛው፣ ቁርጥማታሙ፣ እግሩ ያበጠው ተኮልኩሎ ዝንብ እሽ ይላል። በሦስተኛው ቀን ደሞዝ የመጀመሪያውን ደብተር አወጣና፣ በሆዱ ተኝቶ ስለነበር መሬት ላይ ዘርግቶ፣ ለራሱ ያህል ማንበብ ጀመረ። ድምፁ ግን የለመደው ችሎት ስለሆነ ለራሱ ያህል አልሆነም።

በመጀመሪያ አንዲት እግሯ ያበጠ ሴት ጠጋች። ቀጥሎ ሁለት ገበሬዎች። ማታ ላይ ዐሥራ አምስት ሰው ሆነ። ወንዛዬ ላይ ወረታን የሚያውቅ፣ ስለ ጊደሯ የሰማ ሰው አልነበረምና ማንም የጠፋበትን አልጠየቀውም። ባለኃይሉ ሹመት ፈላጊውን ልቡን አንብቦ ሲያጋልጠው ሳቁ፤ ጓደኛው የሸሸገበትን ሲያውቅ ጠጋ ጠጋ አሉ። ምዕራፉን ሲዘጋ ሹሩባዋን በጨርቅ የጠቀለለች፣ ውባየሁ የምትባል አንዲት የደንቢያ ሴት «ከዚያስ?» አለችው።

ደሞዝ ግንባሩን ደብተሩ ላይ ደፋ። ጸሐይነሽ የታመመ መስሏት ውኃ አቀበለችው።

ንባቡ ዐሥራ አንድ ቀን ፈጀ። ሰዎቹ ውኃው ውስጥ ሆነው ሳይቀር ይከራከሩ ነበር፤ አንዱ ባለኃይሉ ኃይሉን ለንጉሥ ይንገር ይላል፣ ሌላው ቢነግር እስከ ዕድሜው ልክ ታስሮ ልብ ሲያነብ ነው የሚኖረው ይላል። ቁስሉ የሻረለት አንድ ገበሬ በቅሎውን ከጫነ በኋላ ስድስተኛው ደብተር ላይ መሆናቸውን አስቦ ጭነቱን አወረደ፤ ሁለት ቀን ጨመረ። በስድስተኛው ደብተር ውስጥ ባለኃይሉ የአገሩን ሰው ሁሉ ልብ ሲያነብ የገዛ ሚስቱን ልብ ማንበብ ያቅተዋል። ደሞዝ ያንን ምዕራፍ ሲያነብ ጸሐይነሽ ከኋላው ተቀምጣ ምስር ትለቅም ነበር። እጇ ቆመ።

ማታ ጎጆ ሲገቡ «ለምንድን ነው የሷን ልብ ማንበብ ያቃተው?» አለችው።

«እኔ ምን ዐውቄ» አለ ደሞዝ። «ስምንት ዓመት አሰብኩበት። ምን እንደምታስብ ፈጥሬ ልጽፍ ስል ብዕሩ እምቢ ይለኛል።»

«ጠይቆኝ ቢሆን እኮ እነግረው ነበር» አለች ጸሐይነሽ። ከዚያ ወገቡን በቅቤ እያሸች፣ ያቺ የመጽሐፉ ሴት ባሏ በየምሽቱ ዓይኑን ጨፍኖ ሲቀመጥ ምን ምን ታስብ እንደ ነበር ከመጀመሪያው ጀምራ ትነግረው ገባች። እሱም ኩራዙ ሳይጠፋ ይድረስ ብሎ፣ በሆዱ እንደ ተኛ፣ የሰባተኛውን ደብተር ባዶ ገጾች ፈልጎ መጻፍ ጀመረ።